ግራንት የሚጠየቀው ትዕዛዝ ለማያሠራሽ ሥራ ነው

የዛሬው ደብዳቤ ከጅማ ነው የመጣው፣ ስለ ግራንት ነው፣ አርቲስት ሥራውን እንዲሠራበት ስለሚሰጥና ስለማይመለስ ገንዘብ ማለት ነው፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም እትዬ፣ እንዴት ኖት? ጅማ ሄርማታ ነው ምኖረው፣ 26 ዓመቴ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ የግል ት/ቤት ስዕል አስተምራለሁ፣ ከሰዓት ደሞ በትዕዛዝ ፖርትሬት እሰራለሁ፣ በተለይ የምረቃ ሰሞን ሰዎች ፎቶ ይልኩልኛል። ከደሞዜ ሌላ ከትዕዛዝ በወር በአማካይ 9 ሺ ብር አገኛለሁ፣ ከእጅ ወደ አፍ ነው። የልቤ ሥራ ግን ሌላ ነው። እናቴ ቡና መጋዘን ለቀማ እየሰራች ነው ያሳደገችኝ፣ እነዛን ሴቶች በትልቁ፣ በሰው ቁመት ልክ፣ በዘይት ቀለም መሳል እፈልጋለሁ። ሁለት ጀምሬ ትዕዛዝ ሲመጣ ግድግዳ ተደግፈው ቀሩ። ጓደኛዬ ለጀማሪ አርቲስት 5,000 ዩሮ የሚሰጥ ግራንት አለ አለችኝ፣ ግን ስለ አየር ንብረት ወይ ስለ ስደት ካልጻፍሽ አይሰጡሽም ትላለች። ወንድሜ ደሞ ይሄ የፈረንጅ ልመና ነው አርፈሽ ሥራሽን ስሪ ይለኛል። ከአለ ፈለገ ሰላም ስነጥበብ ት/ቤት አልተመረቅኩም፣ እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ ልጅ 3 ሺ ብር ክፈይኝና ፎርሙን እኔ ልሙላልሽ፣ ከተሳካ 20 ፐርሰንት ትሰጪኛለሽ አለኝ። ምን ይመክሩኛል? መ. ከጅማ»

የኔ እህት፣ ግድግዳ ተደግፈው ስለቀሩት ሁለት ሸራዎች የጻፍሽው ነገር ነው ከሁሉም በላይ የያዘኝ፣ ምክንያቱም ግራንት ምን እንደሚሠራ ለማወቅ እነሱ ለምን እንደቆሙ ማየት ይበቃል። የቆሙት ችሎታ ስላጠረሽ አይደለም፣ ቀለም ስላለቀብሽም ብቻ አይደለም። ትዕዛዝ የሚሰጥሽ ሰው የሚከፍልሽ ቀድሞ ለሚያውቀው ነገር ነው፣ ፎቶውን ልኮልሻል፣ ፊቱ እንዲመስል ይፈልጋል፣ ቀን ቆርጧል። አንቺም በዛ ጎበዝ ሆነሻል። ትልቁ ሥራ ግን እንደዛ አይሄድም፣ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ስትለቅም ትከሻዋ የሚይዘውን ክብደት እስክታገኚው ድረስ ትቀቢያለሽ፣ ትፍቂያለሽ፣ እንደገና ትቀቢያለሽ፣ ሦስተኛው ላይም ላይመጣ ይችላል። ያንን ሦስተኛ ፍቆ መቀባት የትኛውም ደንበኛ አይከፍልሽም። ግራንት የሚከፍለው እሱን ነው። ስለዚ ማመልከቻሽ ውስጥ መጠየቅ ያለብሽ ነገር ይሄ ነው፣ ገበያው የማያሠራሽን ሥራ የምትሠሪበት ጊዜ።

ወንድምሽን አትቀየሚው፣ ስለሚያስብልሽ ነው። ግን ልመና አይደለም። የምናከብራቸውን ሰዓሊዎቻችንን አንድ በአንድ ብታነሺ ብዙዎቹ ጀርባ ላይ ሰው የከፈለው ጊዜ ታገኛለሽ። እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1955 በመንግሥት ስኮላርሺፕ ነው ለንደን የሄደው፣ ከዛ ፓሪስ ተሻግሮ ዓመታት ቆየ፣ ያ ሁሉ የምናውቀው የእስክንድር ዓለም እዛ ነው የበሰለው። ገብረክርስቶስ ደስታ እርሻ ሲማር የነበረ ልጅ ነው፣ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ጀርመን ኮሎኝ ባይሄድ ኖሮ ያንን ዓይነት አብስትራክት (ነገሩን እንደሚታየው የማይስል ሥዕል) መቼ እንደምናየው እንጃ። አፈወርቅ ተክሌ ደሞ ወደ እንግሊዝ የተላከው ማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፣ ወደ ስነጥበብ ዞረና ኋላ የአፍሪካ አዳራሽን የመስታወት ሥዕል ሠራልን። አንቺ ያልተማርሽበትን ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላም ራሳቸው አሜሪካ ቺካጎ ተልከው ነው የተማሩት። ጅማ ላይም ቢሆን ጅሬን ወጥተሽ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስታዪ፣ ያን እንጨት የጠረቡት ሰዎች በባዶ ሆዳቸው አልጠረቡትም፣ ያበላቸውና ጊዜ የሰጣቸው ሰው ነበር። ስነጥበብ ድሮም እንደዚ ነው የኖረው። ለወንድምሽ እንደዚ ብለሽ ንገሪው፣ የሰው ገንዘብ ወስጄ ሥራ አስረክባለሁ፣ ሪፖርትም እጽፋለሁ በይው፣ ምክንያቱም በብዙዎቹ ግራንቶች ላይ በትክክል እሱ ነው የሚሆነው።

የጓደኛሽ ምክር ላይ ግን ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ጎበዝ ልጅ እዚ ላይ ሲጠፋ አይቻለሁ። ማመልከቻ የሚመርጥ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ አንብቤ አውቃለሁ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥሪው፣ ማለትም አመልክቱ የሚለው ማስታወቂያ፣ የሚፈልገው ይመስለኛል ተብሎ የተጻፈ ፕሮፖዛል (የሥራ ዕቅድ) ከሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይታወቃል። ቃላቱ ትልልቅ ናቸው፣ ሥዕሎቹ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያወሩት። በርግጥ አንዳንድ ጥሪዎች ርዕስ ይዘው ነው የሚወጡት፣ ርዕሱ ያንቺ ካልሆነ ዝም ብለሽ እለፊው። ቡናና አየር ንብረት ደሞ ግንኙነት የላቸውም እያልኩ አይደለም፣ አላቸው፣ አረቢካ ቡና ሙቀት ሲበዛበት ምን እንደሚሆን ጅማ ላለ ሰው አልነግረውም። ጥያቄው አንቺ የምትስዪው እሱን ነው ወይ ነው። አይደለም፣ የምትስዪው የሴቶቹን እጅና ወገብ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ሲለዩ። ስለ አየር ንብረት ብለሽ ብሩን ብታገኚ ደሞ አንድ ዓመት ሙሉ የአየር ንብረት ሥዕል ልትስዪ ነው ማለት ነው፣ ታዲያ ይሄ ከፖርትሬት ትዕዛዝ በምን ተለየ? ደንበኛው ብቻ ነው የተቀየረው፣ የልብሽ ሥራ አሁንም ግድግዳውን እንደተደገፈ ነው።

አንቺ ጋ ደሞ ማንም የሌለው ነገር አለ። መራጮች ሁሌ የሚጠይቁት ለምን አንቺ፣ ለምን አሁን ነው። «እናቴ ቡና መጋዘን ለቀማ እየሰራች ነው ያሳደገችኝ» ብለሽ ለኔ የጻፍሽልኝን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ፕሮፖዛሉ መጀመሪያ ላይ አድርጊው፣ ምንም አታሳምሪው። ከሱ ቀጥሎ እስካሁን ምን እንደሞከርሽ፣ የት ላይ እንደቆመብሽ፣ ጊዜ ብታገኚ ምን መፍታት እንደምትፈልጊ ጻፊ። ለምሳሌ ትንሽ ፖርትሬት የለመደ እጅ በሰው ቁመት ልክ ሲሠራ ምን ይቸግረዋል? ብርሃኑ መጋዘን ውስጥ ከየት ነው የሚመጣው፣ አቧራውስ በቀለም እንዴት ይያዛል? እንደዚ ዓይነት የሙያ ጥያቄ ያለው ሰው ሲያድግ ይታያል፣ ግራንት ሰጪ ደሞ የሚፈልገው እሱን ነው፣ ሥዕል ልግዛት ብሎ አይደለም ብሩን የሚሰጥሽ።

አሁን ወደ በጀቱ እንግባ፣ እዚ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አብዛኛው ሰው በጀት ሲባል ሸራ፣ ቀለም፣ ብሩሽ ብሎ ይጽፍና ራሱን ይረሳል። አንቺ መጀመሪያ የምትጽፊው የራስሽን ጊዜ ነው። ከትዕዛዝ በወር 9 ሺ ብር ነው ያልሽኝ፣ ለ6 ወር ትዕዛዝ ላለመቀበል 54 ሺ ብር ያስፈልግሻል ማለት ነው፣ ይሄንን «የአርቲስቷ ክፍያ» ብለሽ ያለምንም እፍረት አንደኛ መስመር ላይ አስቀምጪው። ማስተማሩን አትልቀቂ፣ ጠዋት ስለሆነ ከሰዓቱ ያንቺ ነው። ከዛ ቦታ አለ፣ በሰው ቁመት ልክ የሆነ ሸራ ቤት ውስጥ ቆመሽ አርቀሽ ካላየሽው አይሠራም፣ ስለዚ መስኮቱ ሰፊ የሆነ አንድ ክፍል የሚከራይበትን ዋጋ ሄርማታም መርካቶ አካባቢም ጠይቀሽ የ6 ወር አድርገሽ ጻፊ።

ቀጥሎ ደሞ በጣም የምለምንሽ ነገር፣ የምትስያቸውን ሴቶች ክፍያ አስገቢ። እነሱ የሚከፈላቸው በሠሩት ልክ ነው፣ አንቺ ጋ መጥተው ሁለት ሰዓት ሲቀመጡ የሁለት ሰዓት እንጀራቸው ነው የሚቀረው። እናትሽ ብትሆን ኖሮ ምን ያህል ቢከፈላት ደስ ይልሽ ነበር? ያንን አስቢና ከዛ በታች አትውረጂ። ፈቃዳቸውንም ቀድመሽ ጠይቂ፣ ፊቷ እንዲታወቅ የማትፈልግ ልትኖር ትችላለች፣ ከጀርባ ወይ እጇን ብቻ ትስያለሽ። ይሄንን ፕሮፖዛሉ ላይ በሁለት መስመር ብትገልጪው ጥሩ ነው፣ ግን ሰው እንዲያይልሽ ብለሽ አይደለም፣ በትክክል ስለምታደርጊው ነው።

ፍሬሙን ጅማ አሠሪው፣ በርጩማ የሚጠርብ ከተማ ውስጥ ነሽ፣ እንጨት የሚያውቅ አናጺ ሞልቷል። በደንብ የደረቀ እንጨት መሆኑን ብቻ ተከታተዪ፣ እርጥብ ከሆነ ከሁለት ወር በኋላ ይጣመምና ሸራውን ይዞት ይሄዳል። የዘይት ቀለም ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ ትራንስፖርቱንም አስቢው፣ ዋጋው ደሞ ከወር ወር ስለሚጨምር ከአጠቃላዩ 10 ፐርሰንት ገደማ መጠባበቂያ ያዢ። የፎቶ ባለሙያ ቀን ሂሳብም እንዳይረሳ፣ የተጠናቀቀ ሥራ በደንብ ፎቶ ካልተነሳ ለሚቀጥለው ማመልከቻ የለም ማለት ነው።

ስለ ጊዜ ሰሌዳውም ላንሳ፣ ምክንያቱም የጅማን ሰማይ የማያውቅ ሰው አንብቦ አይረዳልሽም፣ አንቺ ነሽ ምታስረጂው። ቡና ከዛፉ ላይ ከጥቅምት ገደማ ጀምሮ ነው የሚለቀመው፣ መጋዘኖቹ መቼ ሴቶቹን በብዛት እንደሚጠሩ ከእናትሽ በላይ የሚነግርሽ የለም። ስኬች፣ ማለትም ፈጣኑን የእርሳስ ንድፍ፣ የምትሠሪው በዛን ጊዜ ነው፣ ትልልቆቹን የምትቀቢው በበጋው። ክረምት ሲገባ የዘይት ቀለም በዛ እርጥበት መድረቁን ይረሳዋል፣ ላዩ ደረቀ ብትዪ እንኳን ውስጡ ወራት ይፈልጋል፣ ቫርኒሽ (የመጨረሻውን መከላከያ ቅብ) ለመቀባት እኮ ከ6 ወር እስከ ዓመት መጠበቅ ነው የሚመከረው። ስለዚ ኤግዚቢሽን ካሰብሽ የመጨረሻውን ሸራ ከመክፈቻው ብዙ ቀደም ብለሽ ጨርሺ። ወደ አዲስ አበባ ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነም 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ በአውቶብስ ነው፣ ከፍሬሙ አውጥተሽ ቀለሙን ወደ ውጪ አድርገሽ በወፍራም ቱቦ ላይ ጠቅልይው፣ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ይሰነጠቃል። እኔ ግን መጀመሪያ እዛው ጅማ ብታሳዪው ደስ ይለኛል፣ ባለቤቱ ከፈቀደ መጋዘኑ ውስጥ ራሱ። የተሳሉት ሴቶች ሳያዩት አዲስ አበባ ባይሄድ።

ዲግሪ ስለሌለሽ አትጨነቂ፣ አብዛኛው የአርቲስት ግራንት የሚያየው ሥራ ነው። እንግሊዝኛውንም እንደዛው። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፊው፣ ወይ በኦሮምኛ፣ የቱ ይቀልሻል በሱ፣ ከዛ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ፈልገሽ አብራችሁ ተርጉሙት። አጭር ዓረፍተ ነገር ይሁን። መራጮቹ ራሳቸው ብዙዎቹ እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት አይደለም፣ ቀላል ሲሆንላቸው ይወዳሉ። ከጽሑፉ በላይ የሚወስነው ፎቶው ነው። ሥዕሎቹን ጠዋት ጥላ ያለበት ቦታ፣ ያለ ፍላሽ፣ ካሜራውን ከሸራው መሃል ትይዩ አድርገሽ አንሺ፣ ግድግዳውና ወለሉ ተቆርጦ ይውጣ። የምረቃ ፖርትሬቶችን አታብዢ፣ አንድ ወይ ሁለት ይበቃል፣ ያላለቁትን ሁለቱን ግን «በሂደት ላይ» ብለሽ አስገቢያቸው።

የት ታመለክቻለሽ ወደሚለው ስንመጣ፣ ጓደኛሽ የነገረችሽ ባለ 5,000 ዩሮው የኔዘርላንዱ የፕሪንስ ክላውስ ፈንድ ሲድ አዋርድ ይመስለኛል፣ ለጀማሪዎች ነው፣ ከብዙ አገር በዓመት 100 ሰው ነው የሚመርጡት፣ ውድድሩ ከባድ ነው ግን ላንቺ ይሆናል። ያንቺን ሥዕል አስቤ ከሁሉ በላይ እንድታይው የምፈልገው ግን ካናዳ ሞንትሪያል ያለውን የኤልዛቤት ግሪንሺልድስ ፋውንዴሽን ነው፣ ከ1955 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው፣ የሚረዳው በጀማሪነት ላይ ያሉ ሰውና ዓለምን እንደሚታየው የሚስሉ ሰዓሊዎችን ነው፣ አብስትራክት አይቀበሉም፣ የየትም አገር ሰው ማመልከት ይችላል። የአሜሪካው ፖሎክ ክራስነር ፋውንዴሽን ደሞ አለ፣ ሰዓሊዋ ሊ ክራስነር እሷ ስትሞት ሀብቷ ለተቸገሩ ሰዓሊዎች እንዲውል ብላ ተናዛ በ1985 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ፣ ለስቱዲዮ ኪራይም ለኑሮም ለህክምናም ይሰጣል፣ ግን ኤግዚቢሽን ያሳየ ሰው ይሻላል እዛ፣ ስለዚ እሱን ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ። ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰዓሊ አጠገብ መሥራት ከፈለግሽ ኡጋንዳ ካምፓላ 32 ዲግሪስ ኢስት የሚባለው ማዕከል ሬዚደንሲ (አርቲስት ለተወሰነ ጊዜ እዛው ተቀምጦ የሚሠራበት ዕድል) አለው፣ ቅርብም ነው፣ አምስተርዳም ደሞ የታሚ ምኔሌ ፋውንዴሽን አፍሪካውያን አርቲስቶችን ተቀብሎ ስቱዲዮ ይሰጣል። የዩኔስኮን የመሳሰሉት ትልልቆቹ ፈንዶች ለድርጅት እንጂ ለግለሰብ አይደሉም፣ እነሱ ላይ ጊዜሽን አታጥፊ። አዲስ አበባ ያሉትን የጀርመንና የፈረንሳይ የባህል ማዕከላት፣ ጎቴ ኢንስቲትዩትና አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝንም ተከታተያቸው፣ ወርክሾፕ ሲያወጡ ከክልል የመጣ ሰው ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂ። ሁሉንም ከማመልከትሽ በፊት የዘንድሮውን መስፈርት ከራሳቸው ገጽ ላይ አንብቢ፣ ይቀያየራል።

የቴሌግራሙን ልጅ ጆሮ ዳባ ልበስ በይው። ፎርሙን የሚሞላው እሱ ከሆነ ፓስዎርዱም ኢሜይሉም እሱ ጋ ነው የሚሆነው፣ ቃለ መጠይቅ ቢጠሩሽ ምን ተብሎ እንደተጻፈ እንኳን አታውቂም።

ጥቃቅን የሚመስሉ ግን ሰው የሚጥሉ ነገሮች አሉ። ስምሽ ፎርሙ ላይ፣ መታወቂያሽ ላይና ባንክ ደብተርሽ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት ይሁን፣ አንድ ፊደል ሲለይ ከውጪ የተላከ ብር ተመልሶ ሊሄድ ይችላል፣ በአርቲስት ስም ማመልከት ከፈለግሽም ሕጋዊ ስምሽን አብረሽ ጻፊ። ቅርንጫፍሽ ሄደሽ ከውጪ ገንዘብ ሲላክልኝ ምን ወረቀት ትጠይቁኛላችሁ፣ በምን ምንዛሪ ትሰጡኛላችሁ ብለሽ አሁኑኑ ጠይቂ፣ ስለ ግብሩም ሂሳብ የሚያውቅ ሰው አማክሪ። የልደት ቀንሽን በፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሪው። ዴድላይኑ በአውሮፓ እኩለ ሌሊት ከሆነ እኛ ጋ ሌሊት ሰባት ወይ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ መብራት ወይ ኔትወርክ ቢሄድብሽ ማንም አይሰማሽም፣ ሁለት ቀን ቀድመሽ ላኪ። ካገኘሽ በኋላ ደሞ ደረሰኝ ሰብስቢ፣ የአናጺውንም የቀለሙንም፣ ለሴቶቹ ስትከፍዪ አስፈርሚ፣ በየሳምንቱ ሥራው ያለበትን ፎቶ አንሺ፣ ሪፖርቱ በሱ ነው የሚጻፈው።

መጀመሪያ ላይ እምቢ ሊሉሽ ይችላሉ፣ ብዙዎቻችንን ብለውናል፣ ስለዚ ዓመቱን ሙሉ መልስ ስትጠብቂ እንዳትቆሚ። የምረቃ ሰሞን የትዕዛዝ ዋጋሽን ትንሽ ከፍ አድርጊ፣ በዛ ሰሞን ከአቅምሽ በላይ ነው የሚመጣልሽ፣ የተረፈውን ለአንድ ወር ትዕዛዝ ላለመቀበል አስቀምጪ። ከሳምንቱ አንድ ከሰዓት ደሞ ለማንም አትስጪ፣ ለእናትሽም ለኔም፣ መጋዘን ሂጂና በእርሳስ በትንንሽ ወረቀት ስሪ። እነዛ ስኬቾች ለማመልከቻውም ይገባሉ።

የፕሮፖዛሉን የመጀመሪያ ገጽ በአማርኛ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ሳይስተካከል እንደመጣልሽ። አንብቤ በቀይ አስምሬ እመልስልሻለሁ፣ በጀቱንም አብረሽ ላኪው፣ የሴቶቹን ክፍያ መጀመሪያ ነው ማየው።